ሉዊ ፓስተርና ውሻ የነከሳቸው ልጆች

1 የሕፃንነቱ ዘመን

ሉዊ ፓስተር የተባለው የታወቀ ሊቅ በፈረንሳይ አገር ዶል በምትባል ትንሽ ከተማ በዲሴምበር 27 ቀን 1822 ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገረው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። አባቱ አስቀድሞ በናፖሌዎን ሠራዊት ውስጥ ወታደር ነበረ፤ ጦርነቱም ካለፈ በኋላ ቆዳ እያለፋ በመሸጥ ቤተ ሰቡን ያስተዳድር ነበር። ቆዳ ማልፋት በብዙ አገር ዘንድ የተናቀ ሥራ ሆኖ ይቈጠር ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው በእጁ ሥራ ሳያፍር፣ ልጁ ተምሮ ከእርሱ ይበልጥ ዘንድ ሌት ተቀን ይደክም ነበር። ኋላም ሕዝብ ሁሉ የሚያከብረው ሊቅ ከቆዳ አልፊ ቤት ወጣ። ስለዚህ ሰውን በአባቱ ሥራ መናቅ አላዋቂነት ነው።

ሉዊ ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ አርቧ ወደምትባል ከተማ ተዛወሩ። በዚያም ቤታቸው በወንዝ ዳር ነበረ። ሉዊም ዓሣ ማጥመድና ሥዕል መሣል ይወድ ነበር። የእናቱንና የአባቱን መልክ በቀለም የሣላቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ ድረስ ተጠብቀው ይገኛሉ። በትምህርቱ ግን በመጀመሪያ ከሌሎቹ ልጆች የሚበልጥ አልነበረም፤ አንድን ነገር ጨርሶ ሳያረጋግጥ ዐወቅሁ ማለትን ስለማይወድም ዝግተኛ መስሎ ይታይ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1831 ዓመት በኦክቶበር ወር፣ በዚያ አገር አንድ ያበደ ተኵላ ከጫካ ወጥቶ ያገኘውን ሰውና ከብት ሁሉ እየነከሰ ዞረ። በዚያን ዘመን ለእብድ አውሬ ንክሻ ሌላ መድኃኒት አልነበረም፤ የተነከሰውን ሰው ወደ ብረት ቀጥቃጭ ቤት ወስደው ቍስሉን በጋለ ብረት ይተኵሱት ነበር። ቀጥቃጩም ለፓስተር ቤት ቅርብ ስለ ነበረ የቍስለኞቹ ጩኸት በሰፈሩ ሁሉ ተሰማ። ከተነከሱትም ሰዎች ብዙዎቹ በጽኑ ሥቃይ ሞቱ። ይህ ነገር በሕፃኑ ልብ ውስጥ ተቀርጾ ቀረ።

2 ትጋቱና ኀዘኑ

ሉዊ በ1838 ዓመት ለትምህርት ወደ ፓሪስ ተላከ። ነገር ግን የቤቱ ናፍቆት እጅግ ስለ ጸናበት አባቱ መጥቶ ወደ አገሩ መለሰው። ከዚህ በኋላ በአገሩ አጠገብ ባለች ከተማ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1842 ዓመት በፓሪስ ወዳለው ወደ ታላቁ የመምህራን ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኖ ማለፊያ ውጤት አገኘ፤ ሆኖም ባገኘው ተራ ስላልረካ ሳይገባ ቀረ። ዳግመኛም አንድ ዓመት ተግቶ አጥንቶ በ1843 ዓመት ከፊተኛው በሚሻል ተራ አልፎ ገባ። በናፍቆት ተሸንፎ የተመለሰው ልጅ በትዕግሥት ድል አድራጊ ሆነ።

በ1849 ዓመት ማሪ ሎራን የምትባለውን ሴት አገባ። እርስዋም በቤቱ ሚስት፣ በሥራውም ረዳት ሆነችው፤ ማታ ማታ እርሱ የሚነግራትን ትጽፍለት ነበር። አምስት ልጆች ወለዱ። ነገር ግን ከአምስቱ ሦስቱ ሴቶች ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ከእነዚህም ሁለቱን የገደላቸው የአንጀት ተስቦ ነው። ልጁን የቀበረ አባት የሌላውን ሰው ልጅ ሕመም እንደ ራሱ ሕመም ያያል። ፓስተርም በሥራው ሁሉ ይህን ኀዘን አልረሳም።

በ1868 ዓመት ደግሞ፣ ገና አርባ አምስት ዓመቱ ሳለ፣ ድንገተኛ ሕመም መታውና ግራ ጐኑ ሽባ ሆነ። ከሞት ተርፎ ቢነሣም ግራ እጁና ግራ እግሩ እንደ ቀድሞው አልሆኑለትም። ዕድሜውን ሁሉ እያነከሰ ሄደ፤ ሥራውን ግን አልተወም። ከሥራዎቹም ታላላቆቹን የፈጸማቸው ከዚህ ሕመም በኋላ ነው።

3 በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን

በፓስተር ዘመን ብዙ ሰዎች ሥጋ ሲበሰብስ፣ ወተትም ሲበላሽ፣ በውስጡ የሚገኙት ጥቃቅን ተሐዋስያን ያለ ወላጅ ከራሱ ከነገሩ የሚወጡ ይመስላቸው ነበር። ፓስተር ግን እንዲህ አይደለም አለ። ለዚህም ማስረጃ ይሆን ዘንድ አንገታቸው ረጅምና ጠማማ የሆኑ ጠርሙሶችን አሠርቶ መረቅ ጨመረባቸው፤ መረቁንም አፈላው። አየር በጠማማው አንገት ይገባል፤ ትቢያውና በትቢያው ላይ ያሉት ተሐዋስያን ግን በአንገቱ መታጠፊያ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ መረቁ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ሳይበላሽ ቀረ። የጠርሙሱ አንገት በተሰበረ ጊዜ ግን ትቢያ ገብቶበት ፈጥኖ ተበላሸ። በዚህም ተሐዋስያን ከውጭ እንደሚመጡ አስረዳ።

የወይን ጠጅ እንዳይበላሽ በመጠን አሙቆ ተሐዋስያኑን መግደልንም አስተማረ። ዛሬ ወተት በዚህ ዓይነት ሲዘጋጅ በስሙ ፓስተራይዝድ የተደረገ ይባላል። ደግሞም የሐር ትሎች በበሽታ ባለቁ ጊዜ አምስት ዓመት ያህል ደክሞ ጤነኛውን ዘር ከበሽተኛው የሚለዩበትን መንገድ ለገበሬዎች አሳየ።

በ1879 ዓመት የዶሮዎችን በሽታ ሲመረምር፣ ብዙ ጊዜ ተቀምጠው የደከሙ ተሐዋስያንን በዶሮዎች ላይ ወጋ። ዶሮዎቹ ጥቂት ታመው ዳኑ። ከዚያም በኋላ ብርቱዎቹን ተሐዋስያን ቢወጋባቸው አልሞቱም። ከዚህ የተነሣ ፓስተር አንድ ታላቅ ነገር አስተዋለ። የደከመ በሽታ ወደ ሰውነት ሲገባ ሰውነት መዋጋትን ይማራል፤ ብርቱው በሽታ በመጣም ጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ክትባት የሚባለውም ይህ ነው። ከፓስተር አስቀድሞ ኤድዋርድ ጄነር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1796 ዓመት የፈንጣጣን ክትባት አግኝቶ ነበር፤ ፓስተር ግን ይህን መንገድ ለሌሎች በሽታዎች አሰፋው።

በ1881 ዓመት በፑዪ ለ ፎር በተባለ መንደር ኀምሳ የሚሆኑ በጎችና ፍየሎች ተሰበሰቡ። ፓስተር ግማሾቹን ለአባ ሰንጋ በሽታ ከተባቸው፤ ግማሾቹን ግን ተዋቸው። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ብርቱውን በሽታ ወጋቸው። በጁን 2 ቀን ብዙ ሕዝብ ለማየት በመጣ ጊዜ የተከተቡት በጎች ሣር ሲግጡ፣ ካልተከተቡት አብዛኞቹ ሞተው፣ የቀሩትም ሊሞቱ ሲያጣጥሩ አገኟቸው። የሚዘብቱበት ሰዎችም ዝም አሉ።

4 የእብድ ውሻ በሽታ

ከዚህ ሁሉ ሥራ ጋራ ፓስተር ከ1880 ዓመት ጀምሮ በልጅነቱ የሰማውን ጩኸት ያመጣውን በሽታ ይመረምር ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ በታመመው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ይገኛል። ውሻው በሚነክስ ጊዜ ለሃጩ ወደ ቍስሉ ይገባል፤ በሽታውም ነርቭ በሚባሉት ረቂቅ ጅማቶች በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይዘገያል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከዚህ ያጥራል ወይም ይረዝማል። አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሕመምተኛው ውሃ ለመጠጣት ሲሞክር ጕሮሮው ይታነቃል፤ ኋላም ውሃ ባየ ጊዜ ይንቀጠቀጣል።

ይህ በሽታ ይልቁንም ለልጆች ያስፈራል። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለ ሆነ የውሻው አፍ ወደ ፊቱና ወደ አንገቱ ይደርሳል። ቍስሉም ለአንጎል በቀረበ መጠን በሽታው ፈጥኖ ይደርሳል። ደግሞም ልጅ ከውሻ ጋራ መጫወትን ይወዳል፤ የውሻውን ቍጣ ግን ገና አያውቅም።

ፓስተር የዚህን በሽታ ተሐዋስ ሊያየው ፈልጎ አጣው። ዛሬ ቫይረስ የሚባል ስለ ሆነ በዚያን ዘመን በነበረው ማይክሮስኮፕ ሊታይ አይችልም ነበር። ፓስተር ግን ያላየውን ጠላት መዋጋት አልተወም። እርሱና ረዳቱ ኤሚል ሩ በሽታውን ከጥንቸል ወደ ጥንቸል አሳለፉት። የሞተችውንም ጥንቸል ኅብለ ሰረሰር፣ ማለት በጀርባ አጥንት ውስጥ ያለውን የነርቭ ገመድ፣ አውጥተው በጠርሙስ ውስጥ በደረቅ አየር አንጠለጠሉት። ገመዱ በየቀኑ ሲደርቅ የበሽታው ኀይል በየቀኑ ይደክማል፤ በአሥራ አራት ቀን ገደማም ኀይሉ ያልቃል። ከዚያም መጀመሪያ የደከመውን፣ ቀጥሎ ብርቱውን እያከታተሉ ለውሾች ወጉ። ውሾቹም ሳያብዱ ቀሩ።

ይህ ሥራ አደገኛ ነበረ። የሚመረምሩት ሰዎች ከታሰረ እብድ ውሻ አፍ ለሃጭ ይወስዱ ነበር፤ ጥቂት ስሕተት ሞትን ታመጣባቸው ነበር። ፓስተርም ይህን ክትባት በሰው ላይ ማድረግን እጅግ ፈራ። በውሻ ላይ የሠራ ነገር በሰው ላይ ይሠራ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

5 ዮሴፍ ማይስተር

በጁላይ 4 ቀን 1885 ጧት፣ በአልዛስ አገር ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በመንገድ ሲሄድ አንድ ውሻ ዘሎ ጣለው። ልጁም ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ውሻው እጆቹንና እግሮቹን ነከሰው። ከሩቅ ያየው አንድ ግንበኛ ብረት ይዞ ደርሶ ውሻውን አባረረው። ልጁ በተነሣ ጊዜ ሰውነቱ በደምና በለሃጭ ተሸፍኖ ነበር፤ በላዩም 14 ቍስል ተቈጠረ። ውሻው ኋላ በተገደለ ጊዜ ሆዱ በገለባና በእንጨት ስብርባሪ ተሞልቶ ተገኘ። ይህም በዚያን ዘመን የእብደት ምልክት ሆኖ ይቈጠር ነበር።

የአገሩ ሐኪም ቍስሉን በመድኃኒት አጠበ፤ ወደ ፓሪስም ይሄዱ ዘንድ መከራቸው። እናቲቱ ሳትዘገይ ልጅዋን ይዛ ተነሣች። አልዛስ በዚያን ጊዜ በጀርመን መንግሥት እጅ ነበረች፤ ከጦርነቱም የተነሣ በሁለቱ አገሮች መካከል ብዙ ቂም ነበረ። እናት ግን ድንበርንና ቂምን አላሰበችም፤ ልጅዋን የሚያድን ሰው ባለበት ሄደች። በጁላይ 6 ቀን ከፓስተር ዘንድ ደረሱ። ፓስተርም ልጁ በሥቃይ ሲራመድ ባየ ጊዜ ልቡ ተነካ።

ነገር ግን ምን ያድርግ? እርሱ የሕክምና ሊቅ ሳይሆን የኬሚስትሪ ሊቅ ነበረ፤ በሰው ላይ መርፌ መውጋት አልተፈቀደለትም። ክትባቱ ልጁን ቢገድለው የልጁ ደም በእርሱ ላይ ይሆናል። ክትባቱን ቢከለክለው ደግሞ ልጁ ምናልባት በበሽታው ይሞታል። ረዳቱ ሩ ራሱ ጊዜው ገና ነው ብሎ በዚህ ሥራ ለመግባት አልፈቀደም። ስለዚህ ፓስተር በራሱ አሳብ ብቻ አልተማመነም። ቩልፒያንና ግራንሼ የተባሉትን ሁለት የታወቁ ሐኪሞች ጠርቶ ልጁን አሳያቸው። እነርሱም ቍስሉን አይተው ያለ ክትባት ሞት የማይቀርለት ስለ መሰላቸው ይከተብ ዘንድ መከሩ።

በዚያው ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዶክተር ግራንሼ የመጀመሪያውን መርፌ በልጁ ሆድ ቆዳ ሥር ወጋ። ልጁ መርፌውን ሳያይ አስቀድሞ አልቅሶ ነበር፤ ነገር ግን ትንሽ ነገር ሆኖ ባገኘው ጊዜ እንባውን ጠረገ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይወጉት ጀመር፤ በ10 ቀን ውስጥ 13 ጊዜ ተወጋ። የሚወጋውም ክትባት በየቀኑ ከፊተኛው የበረታ ነበር። ልጁ በቀን ከጥንቸሎቹና ከዶሮዎቹ ጋራ ይጫወታል፤ ሌሊትም ደኅና ይተኛል። ፓስተር ግን እንቅልፍ አጣ። የመጨረሻው ክትባት እጅግ ብርቱ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ልጁ ታሞ በሥቃይ ሲሞት በሐሳቡ ይታየው ነበር።

ቀኖች አለፉ፤ ሳምንታትም አለፉ። ልጁም በሙሉ ጤና ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሊቃውንት የፓስተርን የሥራ መዝገቦች ሲመረምሩ፣ በውሾች ላይ ያደረገው ሙከራ ገና ያልተፈጸመ እንደ ነበረ አይተው ቸኩሏል ብለው የነቀፉት አሉ። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት የሚጠበቅ ብዙ ሥርዓት አለ። የፓስተር ድፍረት ያለ ፍርሃት የሆነ ድፍረት አልነበረም፤ ፍርሃቱን ይዞ፣ አዋቂዎችን አማክሮ፣ በየቀኑ ልጁን እየጠበቀ ያደረገው ነው።

6 እረኛው ዡፒይ

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በዡራ አገር ስድስት እረኞች በጎቻቸውን ሲጠብቁ አንድ ትልቅ ያበደ ውሻ መጣባቸው። ልጆቹ ጮኸው ሸሹ። ከሁሉ ታላቅ የነበረው ዣን ባፕቲስት ዡፒይ፣ ዕድሜው አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲሆን፣ ታናናሾቹ ያመልጡ ዘንድ ጅራፉን ይዞ በውሻው ፊት ቆመ። ውሻው ዘሎ ግራ እጁን ነከሰው። ዡፒይ ከውሻው ጋራ ታግሎ ጣለው፤ በቀኝ እጁም የውሻውን መንጋጋ ከፍቶ ግራ እጁን አወጣ። ከዚያም አፉን በጅራፉ አሰረው፤ በእንጨት ጫማውም መትቶ ገደለው። ባልንጀሮቹ ሁሉ ዳኑ፤ የእርሱ እጆች ግን ክፉኛ ተነከሱ።

ወደ ፓስተር በደረሰ ጊዜ ከተነከሰ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። ዮሴፍ ማይስተር ግን የመጣው በሁለት ቀን ተኩል ነው። ስለዚህ ፓስተር እጅግ ተጨነቀ። ነገር ግን ዡፒይም ተከትቦ ዳነ። የፈረንሳይ አካዳሚ ስለ ጀግንነቱ ሽልማት ሰጠው። ከውሻው ጋራ ሲታገል የሚያሳየውም ሐውልት በፓሪስ በፓስተር ተቋም ግቢ ውስጥ ቆሟል።

7 ዘግይታ የመጣችው ልጅ

በዚሁ ዓመት በኖቬምበር ወር አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ወደ ፓስተር መጣች። ትልቅ ውሻ ራስዋን ነክሷት ነበር፤ ከተነከሰችም 37 ቀን አልፎ ነበር። ፓስተር ቍስሉን ባየ ጊዜ ተስፋ እንደሌለ ዐወቀ። በሽታው ከራስዋ ወደ አንጎልዋ የሚጓዝበት መንገድ አጭር ነው፤ ያለፈውም ጊዜ ብዙ ነው። ልጅቱ ብትሞት ጠላቶቹ ክትባቱ ገደላት እንደሚሉ፣ ሌሎችም በዚህ ፈርተው ከመምጣት እንደሚቀሩ ያውቅ ነበር። ስሙን ለመጠበቅ ቢወድ ኖሮ አይሆንም ብሎ በመለሳት ነበር። ነገር ግን የወላጆቿን እንባ ሊቋቋም አልቻለም፤ ምናልባት ትድን እንደ ሆነ ብሎ አስከተባት።

ከጥቂት ቀን በኋላ የበሽታው ምልክት ታየባት። ፓስተር በአልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ፤ እርስዋም እጁን ይዛ እንዳይለያት ለመነችው። በዲሴምበር መጀመሪያ ሞተች። ፓስተርም ከቤታቸው ሲወጣ አለቀሰ።

ዮሴፍም ዡፒይም ይህችም ልጅ አንድ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ሐኪሙም አንድ ነበረ። ሁለቱ ፈጥነው መጡ፤ እርስዋ ግን በቍስልዋ ሥፍራና በመዘግየትዋ ምክንያት ተቀደመች። መድኃኒት ከበሽታው ቀድሞ ካልደረሰ አይጠቅምም።

8 የመጨረሻው ዘመን

የፓስተር ወሬ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ከአሜሪካ ውሻ የነከሳቸው አራት ልጆች ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶላቸው በመርከብ ወደ ፓሪስ መጡ፤ በደኅናም ተመለሱ። በ1886 ዓመት ከሩሲያ አገር ያበደ ተኵላ የነከሳቸው 19 ሰዎች መጡ፤ ከእነርሱም ሦስቱ ሲሞቱ 16ቱ ዳኑ። በዚያው ዓመት በማርች 1 ቀን ፓስተር 350 ሰዎች እንደተከተቡና ከእነርሱ አንዲት ብቻ እንደ ሞተች ለሊቃውንት ጉባኤ አስታወቀ፤ ያችም ዘግይታ የመጣችው ልጅ ነች።

ከዚህ የተነሣ ከብዙ አገር ባለጠጋውም ድኻውም ገንዘብ አዋጣ። የተሰበሰበውም ከሁለት ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ሆነ። በዚህም ገንዘብ የፓስተር ተቋም በፓሪስ ተሠርቶ በኖቬምበር 14 ቀን 1888 ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር በስሙ የሚጠሩ ተቋሞች ተመሠረቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአዲስ አበባም በፓስተር ስም የሚጠራ ተቋም ቆሞ ነበር።

ፓስተር በሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 በ72 ዓመቱ ዐረፈ። ሥጋውም በተቋሙ ግቢ ውስጥ ተቀበረ። ዮሴፍ ማይስተርም አድጎ የዚያው ተቋም በረኛ ሆነ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1940 ዓመት ድረስም ሕይወቱን ያተረፈለት ሰው መቃብሩ ባለበት ግቢ አገለገለ።

9 ከዚህ ታሪክ የምንማረው

ዛሬ ያለው ክትባት ከፓስተር ክትባት እጅግ የተሻለ ነው። ከጥንቸል ገመድ አይወጣም፤ በሆድም አይወጋም። በክንድ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይወጋል። ሆኖም የእብድ ውሻ በሽታ ከዓለም አልጠፋም። በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚሆኑ ሰዎችን ይገድላል ተብሎ ይገመታል፤ የሚበዙትም በእስያና በአፍሪካ ያሉ ናቸው። በአበደ እንስሳ ከሚነከሱት ከአሥር አራት ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በኢትዮጵያም ይህ በሽታ በከተማና በገጠር ይገኛል። ፓስተር የሞተበት ሴፕቴምበር 28 ቀን በዓለም ሁሉ የዚህ በሽታ መታሰቢያ ቀን ሆኗል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ ይህን አስተውሉ። ውሻ ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ወይም ግልገሎቹን ሲያጠባ አትንኩት። የታሰረ ውሻ ላይ ድንጋይ አትወርውሩ። የማታውቁት ውሻ ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ውሻ የሚሮጠውን ማባረር ልማዱ ነውና። ዓይኑን ትኵር ብላችሁ ሳታዩ እንደ ዛፍ ጸጥ ብላችሁ ቁሙ። ቢጥላችሁ እንደ ዮሴፍ ፊታችሁንና አንገታችሁን በእጆቻችሁ ሸፍኑ። ለሃጩን የሚያዝረበርብ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ ከታየ ከእርሱ ርቃችሁ ለታላላቆች ንገሩ። ያበደ ውሻ አንዳንድ ጊዜ ጸጥተኛ መስሎም ይታያልና የማታውቁትን ውሻ አትዳብሱ።

ውሻ የነከሰው ልጅ ቍጣን ወይም መርፌን ፈርቶ ነገሩን አይሰውር። ጭረቱ ትንሽ ቢሆን እንኳ በዚያው ሰዓት ለእናቱ፣ ለአባቱ ወይም ለመምህሩ ይንገር። ወላጆችም ልጁ የተናገረውን በቍጣ አይቀበሉት፤ የተቈጣ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ አይናገርምና። ቍስሉን በብዙ ውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ ይገባል፤ ይህ የበሽታውን ብዙ ክፍል ያስወግዳል። ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ቅጠል እየፈለጉ ቀን ማሳለፍ ለበሽታው መንገድ መስጠት ነው። ሐኪሙም መርፌውን በቀጠረበት ቀን ሁሉ ሳያጓድሉ መሄድ ይገባል። ውሻ ያለውም ሰው ውሻውን ያስከትብ፤ የተከተበ ውሻ ለቤቱም ለጎረቤቱም ልጆች ጋሻ ነው።

ፓስተር ድኻ ተወልዶ፣ ልጆቹን ቀብሮ፣ ግማሽ ሰውነቱም ደክሞ ሳለ የማይታየውን ጠላት አሸነፈ። የዮሴፍ እናት ደግሞ መጽሐፍ ሳትጽፍ፣ ሐውልትም ሳይቆምላት፣ ሳትዘገይ ስለ ተነሣች ልጅዋን አዳነች። የሊቁን ትጋት ማግኘት ለሁሉ አይቻል ይሆናል፤ የእናቲቱን ፍጥነት ግን ሁሉ ሊይዘው ይችላል።